የወርቃ ጉምና የበረዶ ሜዳ

(ድምፅ፦ የልጆች ጫጫታ፣ ኳስ ስትመታ፣ ከሩቅ የሞተር ሳይክል)

ተራኪ፦ ከዲላ ተነስተን ወናጎንና ይርጋ ጨፌን አልፈን ወደ ጌዴብ ስናቀና መንገዱ ሽቅብ ነው። እንሰቱ እየበዛ፣ አየሩ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ወርቃ ስንደርስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። የወርቃ ስም በሩቅ አገር የቡና ከረጢት ላይ ታትሞ ይነበባል። እኛን ዛሬ ያመጣን ግን ቡናው አይደለም፤ ኳሱ ነው።

ሜዳው ወደ አንድ ወገን ዘቅዘቅ ይላል። አንዱ ጎል ሁለት የባሕር ዛፍ እንጨት ነው፤ ሌላው ሁለት ድንጋይ። ልጆቹ ግማሾቹ በባዶ እግራቸው፣ ግማሾቹ በላስቲክ ጫማ ይሯሯጣሉ። ካሜራዬን አውጥቼ ማንሳት ስጀምር ጉሙ ከላይ ከዛፎቹ መሀል ወረደ። ከሜዳው ጀርባ የነበረው ጎጆ፣ እንሰቱ፣ ኮረብታው ሁሉ ጠፋና ነጭ ብቻ ቀረ። በዚያ ነጭ ውስጥ አንድ ልጅ ዘሎ ኳሷን በግንባሩ ገጫት። አነሳሁት።

ጨዋታው ሲያበቃ ልጁ እያለከለከ መጣና የካሜራውን መስኮት አየ።

“ጋሼ፣ እኔ የታለሁ?”

“ይኸውልህ፣ ኳሷን ስትገጫት።”

ጠጋ ብሎ አየና “ይኼማ ጥላ ነው” አለኝ።

እውነቱን ነው። ዝላዩ አለ፣ ኳሷም አለች፤ ልጁ ግን የለም። ፊቱ ከሰል ሆኗል። ጉሙም ነጭነቱ ቀርቶ አመድ መስሏል። ይህን ዝግጅት እንድንሠራ ያደረገን ያ የልጁ ቃል ነው።

ካሜራ ብርሃን ሲለካ ፊቱ ያለው ነገር ነጭ ይሁን ጥቁር ለይቶ አያውቅም። የተሠራው ያየውን ሁሉ አደባልቆ ወደ መካከለኛ ግራጫ እንዲያመጣ ነው። ነጭ የበዛበት ቦታ ሲገጥመው “ብርሃን በዝቷል” ብሎ ይቀንሳል። ያኔ ነጩ ይደበዝዛል፤ ከነጩ ፊት የቆመው ሰው ደግሞ ይጠቁራል። የዛሬዎቹ ካሜራዎች ከቀድሞዎቹ በተሻለ ይገምታሉ፤ እንዲህ ያለ ጉም ሲመጣባቸው ግን እነሱም ይሳሳታሉ።

ይህን ጣጣ በየቀኑ የሚጋፈጡ ሰዎች አሉ፤ የበረዶ ሆኪ ፎቶ አንሺዎች። ጨዋታው የሚካሄደው በረጋ በረዶ ላይ ነው። ተጫዋቾቹ ስለት ባለው ጫማ እየተንሸራተቱ፣ ጫፉ በታጠፈ ዱላ ፓክ የምትባለዋን ጥቁር የጎማ ክብ ይመታሉ። ፓክ ውፍረቷ 2.5 ሴንቲ ሜትር፣ ከዳር እስከ ዳር ስፋቷ 7.6 ሴንቲ ሜትር ነው። የሰሜን አሜሪካው ትልቁ ሊግ ሜዳ 61 ሜትር በ26 ሜትር ገደማ ሲሆን ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነው።

እኛ ከሰማይ የሚወርደውንም መሬት ላይ የረጋውንም የምንጠራው “በረዶ” በሚል አንድ ቃል ነው። ወርቃ ላይ በረዶ ማለት በቡና አበባ ላይ ወርዶ ገበሬውን የሚያስደነግጠው፣ የእንሰቱን ቅጠል የሚበሳው ነው። በላዩ የሚሮጥበት በረዶ ለእኛ ሩቅ ነው። ያም ሆኖ ኢትዮጵያ በክረምት ኦሊምፒክ ላይ ታይታለች። አዲስ አበባ የተወለደው ሮቤል ተክለማርያም በ2006 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጣሊያን ቱሪን፣ በ2010 ደግሞ በካናዳ ቫንኩቨር በአገር አቋራጭ የበረዶ ሸርተቴ ተወዳድሯል። ቱሪን ላይ ባንዲራችንን ይዞ የገባው ብቻውን ነበር። በነጩ መሀል አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ! እንዲህ ያለውን ፎቶ ያለ ዕውቀት ማንሳት አይቻልም።

(ድምፅ፦ ስለት በረዶ ሲቆርጥ፣ ዱላ ከዱላ ሲጋጭ)

ታዲያ የሆኪ ፎቶ አንሺ ምን ያደርጋል? ውጭ በተረጋ ሐይቅ ላይ ሲሆን ፀሐይ ከላይ ታበራለች፣ በረዶው ከታች መልሶ ያበራል። ፎቶ አንሺው ካሜራው ከለካለት ብርሃን በአንድ ወይም በአንድ ተኩል ስቶፕ ከፍ ያደርጋል። አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ነው። ከታች የሚመለሰው ብርሃን ደግሞ ውለታ ይውላል፤ ኮፍያና የራስ ቁር ፊት ላይ የሚጥለውን ጥላ ያነሳዋል። ቅዝቃዜው ባትሪውን ቶሎ ያደክምበታል፤ ስለዚህ ትርፉን ባትሪ ከደረቱ ኪስ አይለየውም። ሲጨርስ ካሜራውን በፕላስቲክ አሽጎ ነው ወደ ሙቅ ቤት የሚገባው፤ አለዚያ ሌንሱ ላይ ጤዛ ይቋጠራል። እኛም ከወርቃ ብርድ ወጥተን ማሰሮ የሚንተከተክበት ቤት ስንገባ የገጠመን ይኸው ነው።

አዳራሽ ውስጥ ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። ሜዳው ዙሪያውን በወፍራም መስታወት ታጥሯል፤ ፎቶ አንሺው ሌንሱን የሚያሾልከው ለዚሁ ተብላ በተከፈተች ትንሽ ቀዳዳ ነው። ዓይኑ ካሜራው ላይ ሳለ ፓክ ወደ ቀዳዳዋ ልትመጣ ትችላለች። ፍጥነቷ በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። እስቲ እናስላው፤ በዚህ ፍጥነት ሹተሩ፣ ማለትም የካሜራው መዝጊያ፣ ለሰከንድ አንድ ሺህኛ ብቻ ቢከፈት እንኳ ፓክ ከ4 ሴንቲ ሜትር በላይ ትጓዛለች፤ ከራሷ ስፋት ግማሹን ማለት ነው። የወርቃው ልጅ የገጫት ኳስ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር በርራ ቢሆን፣ ሹተሩም 1/250 ላይ ቢሆን፣ 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ትዘረጋለች። ፎቶው ላይ ክብ ኳስ ሳይሆን እንቁላል የምናየው ለዚህ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ቦታ ማወቅ አለ። በግንቦት 10 ቀን 1970 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በአሜሪካ ቦስተን ከተማ፣ የሰሜን አሜሪካው ሊግ የዋንጫ ጨዋታ ወደ ጭማሪ ሰዓት ሲያመራ ሬይ ሉሲየር የተባለ የጋዜጣ ፎቶ አንሺ ከነበረበት ተነስቶ ወደ ሌላኛው ጎል ሄደ። እዚያ የነበረው ሌላ ፎቶ አንሺ የሚጠጣ ሊገዛ ወጥቶ ወንበሩ ባዶ ነበር። ሉሲየር ተቀመጠ። ጭማሪው ከተጀመረ 40 ሰከንድ ሲሆን ተጫዋቹ ቦቢ ኦር ጎሉን አስቆጠረ፤ ተጠልፎም እጁን እንደ ክንፍ ዘርግቶ አየር ላይ ተንሳፈፈ። ሆኪ ሲነሳ ዛሬም የሚታወሰው ያ ፎቶ ነው። ከ40 ዓመት በኋላ ያው በረራ ሐውልት ሆኖ ቆሞለታል። ይህን ዕድል ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ዕድል ወንበሩን ባዶ አደረገለት እንጂ ከቦታው ያስነሳው ዕድል አይደለም።

እኛስ? ዱላና ሩር ያለበት ጨዋታ የእኛም ነው። በመሀልና በሰሜን አገር ታኅሣሥ 29 ቀን ገና ይመታል። ጃን ሜዳ ላይ መኳንንቱ ሳይቀሩ ይታደሙ ነበር፤ በዚያ ቀን ጌታ ሎሌው ቢመታው እንኳ አይቆጣም ይባላል። ዱላው እንደ ሆኪው ዱላ ጫፉ ቆልመም ያለ ነው፤ ሩሯ ከእንጨት ወይም ከቆዳ ትሠራለች። ገናን አንድ ጊዜ ላነሳ ሞክሬ አቧራና የሰው ጀርባ ይዤ ተመልሻለሁ። እንደ ሆኪው የታወቀ ቀዳዳ፣ እንደ እግር ኳሱ የተሰመረ መስመር የለም፤ ሩሯ የሄደችበት ሁሉ ሜዳ ነው። ሆኖም እንዲህ ያለ ጨዋታ ይዘን የምንኮራበት አንድ ፎቶ ከግድግዳችን መጥፋቱ ይቆጨኛል።

ፎቶ ላይ የፊታችን መጥቆር ደግሞ የጉም ጥፋት ብቻ አይደለም። በፊልሙ ዘመን ኮዳክ ቀለም የሚያስተካክለው “ሸርሊ” በሚባል ካርድ ነበር፤ ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት። የእሷ ቆዳ ካማረ ፎቶው አማረ ይባል ነበር። ጥቁሩን ቀለም ለይቶ ማሳየት ያልቻለው ፊልም እንዲሻሻል ካስገደዱት መካከል የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ይገኙበታል፤ ዕቃቸው በፎቶ አላምር ብሏቸው ነው። የሰው ፊት ሲጠፋ የኖረውን ያህል ዘመን ሳስብ ያመኛል። ስለዚህ የኛን ሰው የሚያነሳ ሰው ካሜራው የነገረውን አምኖ መቀመጥ የለበትም።

ይህን ለመለማመድ ከወርቃ የተሻለ ቦታ አላየሁም። በመኸር ወቅት የታጠበ ቡና በማድረቂያ አልጋ ላይ ይሰጣል። ገለፈቱን እንደለበሰ ከሩቅ የነጣ ነው። በአልጋው ግራና ቀኝ ሴቶች ቆመው የተበላሸውን ፍሬ አንድ በአንድ ይለቅማሉ። ነጭ አልጋ፣ ጠይም ፊት፣ የቀትር ፀሐይ፤ የሆኪ ሜዳ ማለት ይኸው ነው። ብርሃኑን ሳልጨምር ያነሳሁት ላይ ሴቶቹ ሻሽ ብቻ ሆኑ። አንድ ስቶፕ ስጨምር ዓይናቸው መጣ። ከአልጋው የሚመለሰው ብርሃን አገጫቸውን ከስር ያበራው ነበር።

የአዳራሹን ፈተና የቀመስኩት ደግሞ ሌላ ጊዜ ነው፤ ማታ፣ የመረብ ኳስ ውድድር ላይ። አንዱ ፎቶ አረንጓዴ፣ ቀጣዩ ቢጫ፣ ሦስተኛው ከወገቡ በታች ጨለማ። ለካ የመብራቱ ጣጣ ነው። የኛ ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ የአዳራሹ መብራቶች ደግሞ በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላሉ። ዓይናችን አያየውም፤ የፈጠነ ሹተር ግን ይይዘዋል። ሹተሩን ወደ 1/100 ዝቅ ሳደርገው ቀለሙ ተስተካከለ፤ እጆቹ ግን ደበዘዙ። ከዚያ በኋላ የጠበቅሁት ኳሷን ለመምታት የዘለለችው ልጅ ከፍታው ላይ ለአፍታ ቀጥ የምትልበትን ቅጽበት ነበር።

በጌዴኦ ኳስ የሚጫወቱት የወርቃ ልጆች ብቻ አይደሉም፤ የጌዴኦ ዲላ የሴቶች እግር ኳስ ቡድን በአገሪቱ ሴቶች ፕሪሚየር ሊግ ተጫውቷል። የጌዴኦ መልክዓ ምድር በ2023 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ እንሰቱ፣ ዛፉ፣ የቆሙት ትክል ድንጋዮች ብዙ ተነሱ። ተገቢም ነው። በዚያ ዛፍ ስር የሚጫወቱት ልጆችም እንዲሁ ጥርት ብለው ቢነሱ እወዳለሁ።

(ድምፅ፦ የልጆች ጫጫታ እንደገና)

በማግስቱ ወደ ወርቃ ተመለስን። ጉሙ በሰዓቱ ወረደ። ብርሃኑን አንድ ተኩል ስቶፕ ከፍ አደረግሁ፣ ሹተሩን 1/1000 ላይ አቆምኩ፣ ከድንጋዩ ጎል ጀርባ በጉልበቴ ተንበረከክሁ። ጭቃው ሱሪዬን አልፎ ቀዘቀዘኝ። ለሃያ ደቂቃ ምንም አልመጣም። ከዚያ ኳሷ ከጥግ ተነሳች፤ ያው ልጅ ዘለለ።

ፎቶውን ዲላ አሳጥበን በሳምንቱ ይዘንለት ሄድን። በሁለት እጁ ያዘው። ጉሙ ነጭ ነው። ኳሷ ክብ ናት። የተጨፈነ ዓይኑ፣ የጎደለችው የፊት ጥርሱ፣ ኳሷ ግንባሩ ላይ የለጠፈችው ጭቃ ሳይቀር ይታያል። ልጁ ምንም አላለም። ፎቶውን እያየ እጁን አነሳና ግንባሩን ጠረገ።