ከሕግ ፊት የሚሸሽ ሹፌር

ዱሮ በአገራችን አንድ ሰው ሲጣላ ወይም አጥፍቶ ሲሄድ «በሕግ አምላክ!» ከተባለ ይቆም ነበር። ዘበኛ ባይኖርም፣ ጠመንጃ ባይደገንበትም ይቆማል። በሕግ አምላክ ተብሎ አልፎ የሄደ ሰው ግን በመጀመሪያው ጥፋቱ ላይ ሌላ ጥፋት እንደ ጨመረ ይቆጠርበታል። የናቀው የጠራውን ሰው ብቻ አይደለማ! ሕግን ነው።

ዛሬ በየመንገዱ የሚቆመው የትራፊክ ፖሊስ እጁን ሲያነሣ ወይም ፊሽካ ሲነፋ የሚናገረው ያንኑ የአባቶቻችንን ቃል ነው። ታዲያ ፖሊስ ቁም ሲለው የማይቆም፣ ወይም ሰው ገጭቶ የሚያመልጥ ሹፌር ምን ይደረግ? ይህንኑ ደጋግሞ ቢያደርገውስ? በዚህ ጽሑፍ የምናየው ይህንን ነው።

ሹፌር ለምን ይሸሻል?

ብዙ ጊዜ የሚሸሸው የሚደብቀው ነገር ስላለው ነው። አንዱ መንጃ ፈቃድ የለውም። ሌላው ጠጥቷል። ሌላው ከልክ በላይ ሰው ወይም እህል ጭኗል። አንዳንዱ ደግሞ ከዚህ በፊት ተቀጥቶ ስለ ነበር አሁን ቢያዝ ፈቃዱን እንዳይነጠቅ ይፈራል። በድንጋጤ ብቻ የሚሸሽም አለ። ሰው ገጭቶ ሲያይ ልቡ ይጠፋል። ሕዝቡ ተሰብስቦ ይደበድበኛል ብሎ የሚፈራም አይታጣም። ወደዚህ ወደ መጨረሻው ነገር ኋላ እንመለስበታለን።

መሸሽ ለምን ራሱን የቻለ ጥፋት ሆነ?

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የጎረቤትህ በሬ ማሳህ ገብቶ ጤፍህን በላ እንበል። ጎረቤትህ ማለዳ መጥቶ «በሬዬ አጥፍቷል፣ ሽማግሌ ይገምት፣ እከፍላለሁ» ቢልህ ነገሩ ያልቃል። በሌሊት በሬውን አውጥቶ ዱካውን በቅጠል ጠርጎ ቢሄድስ? የተበላው ጤፍ ያው ነው። ጥፋቱ ግን ያው አይደለም። አሁን ጎረቤትህ ጤፍህንም ፍርድህንም ወስዶብሃል።

የመኪናም ነገር እንደዚሁ ነው። ሹፌር ሲሸሽ ከፊተኛው ጥፋት ሌላ ሦስት ጉዳቶች ይከተላሉ።

አንደኛ፣ የተገጨው ሰው ያለ ረዳት ይቀራል። ደም እየፈሰሰው ላለ ሰው ጥቂት ደቂቃ ማለት ሞትና ሕይወት ነው። ከሐኪም ቤት በራቀ ገጠር ደግሞ ሰውየውን ቶሎ ሊያደርሰው የሚችለው ብዙ ጊዜ ያው የገጨው መኪና ነው።

ሁለተኛ፣ ማስረጃ ይጠፋል። ጠጥቶ የገጨ ሰው በማግሥቱ ቢያዝ ስካሩ በርዶለታል። የተሰበረው መብራት ይለወጣል፣ ደሙ ይታጠባል።

ሦስተኛ፣ የሚሸሽ መኪና አይቶ አይነዳም። ከኋላው ፖሊስ አለ ብሎ በመንደርና በገበያ መካከል ሲከንፍ ነገሩን የማያውቀውን መንገደኛ ይገድላል።

እንግዲህ አስቡት። ለመሸሽ የሚሰጠው ቅጣት ሹፌሩ ለሚደብቀው ጥፋት ከሚሰጠው ቅጣት ቢያንስ ምን ይሆናል? ሹፌሩ ያሰላል። «ብቆም ይህን ያህል እታሠራለሁ፣ ብሸሽ ግን ምናልባት አመልጣለሁ፣ ብያዝም ቅጣቱ ትንሽ ነው» ይላል። እንዲህ ያለ ሕግ ሳያስበው ሽሹ ብሎ ይመክራል። ስለዚህ ብዙ አገሮች መሸሽን ለብቻው ወንጀል አድርገው በቅጣት ሚዛኑ ላይ ክብደት ጨመሩበት።

አንድ አገር ያደረገው

አውስትራሊያ በምትባለው ሩቅ አገር ኒው ሳውዝ ዌልስ የሚባል ክፍል አለ። ዋና ከተማው ሲድኒ ነው። በዚያ ታኅሣሥ 22 ቀን 2002 ዓ.ም. ዘራፊዎች በመኪና ከፖሊስ ሲሸሹ አንድ ቤተሰብ ያለበትን መኪና ገጩ። የ19 ወር ሕፃን ሞተች። ሕፃኗም ቤተሰቧም ከነገሩ የሉበትም፤ መንገዳቸውን ይሄዱ ነበር።

ሕዝቡ በጣም አዘነ፣ ተቆጣም። በዚያው በ2002 ዓ.ም. የክፍሉ ሸንጎ አዲስ ሕግ አወጣ። ሕዝቡም ሕጉን በሕፃኗ ስም ጠራው። በዚህ ሕግ መሠረት ፖሊስ እንደሚከታተለው እያወቀ የማይቆምና በሰው ሕይወት ላይ አደጋ በሚጥል ሁኔታ የሚነዳ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያጠፋ እስከ 3 ዓመት ይታሠራል። ሁለተኛ ቢደግም እስከ 5 ዓመት ይታሠራል።

ለምን ሁለተኛው ከበደ? የመጀመሪያው ድንጋጤ ነበር ሊባል ይችላል። ሰውየው ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ የሽሽትን መዘዝ ሰምቶና ተቀጥቶ ደግሞ ከሸሸ ግን ደንግጬ ነው ቢል ማን ያምነዋል? አውቆ መርጦታል። «ሳይቃጠል በቅጠል» ይባል የለም? ሕግም በመጀመሪያው ላይ በቅጠል ይሞክራል። እሳቱ ዳግም ሲነሣ ውኃውን ይጨምራል።

የአገራችን ሕግስ?

በመንገድ ሕጋችን መሠረት አደጋ ያደረሰ ሹፌር ወዲያው መቆም፣ የተጎዳውን መርዳትና ለፖሊስ ማስታወቅ አለበት። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የወንጀል ሕግ ደግሞ እንዲህ ይላል።

በአንቀጽ 543 እንደ ሐኪም ወይም እንደ ሹፌር የሰውን ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ሰው በቸልተኛነት ሰው ቢገድል ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እሥራትና የገንዘብ መቀጮ አለበት። ሁለትና ከዚያ በላይ ሰዎች ከሞቱ፣ ወይም ሹፌሩ ግልጽ የሆነውን ደንብ ሆን ብሎ ከጣሰ፣ ወይም ጠጥቶ ራሱን ከሳተ ቅጣቱ ወደ ጽኑ እሥራት ይለወጣል። ይኸውም ከ5 እስከ 15 ዓመት ነው።

አንቀጽ 575 ደግሞ መርዳት እየቻለ በአደጋ ላይ ያለን ሰው ትቶ የሄደውን ይቀጣል። ትቶት የሄደው ራሱ ጉዳቱን ያደረሰበት ሰው ከሆነ ቅጣቱ ይበረታል።

ስለ ደጋጋሚም ሕጉ ዝም አላለም። ቀድሞ ተፈርዶበት ቅጣቱን ከፈጸመ በኋላ በ5 ዓመት ውስጥ ሆን ብሎ ሌላ ከበድ ያለ ወንጀል የሠራ ሰው ደጋጋሚ ወንጀለኛ ይባላል፤ ቅጣቱም ከፍ ይላል። በመንገድ ደንብ በኩል ደግሞ በ2003 ዓ.ም. የወጣው የትራፊክ ቁጥጥር ደንብ የጥፋት ነጥብ እንዲመዘገብ አዟል። ሹፌሩ ባጠፋ ቁጥር ነጥብ ይያዝበታል። ነጥቡ ሲበዛ መንጃ ፈቃዱ ይታገዳል፣ እስከ መሰረዝም ይደርሳል።

ታርጋ ማንበብ

ቅጣት ቢከብድ መልካም ነው። ቅጣት ግን ብቻውን አይበቃም። አልያዝም ብሎ የሚያምን ሰው የእሥራቱን ዓመት ቁጭ ብሎ አይቆጥርም። ሦስት ዓመትም በሉት አሥር፣ ለእርሱ ያው ነው። የሚያስፈራው መያዙ የማይቀር መሆኑን ሲያውቅ ነው።

እዚህ ላይ የእኛ ድርሻ ይመጣል። በየአገሩ ፖሊስ አደጋው ሲበዛ መከታተሉን እንዲተው የሚታዘዝበት ጊዜ አለ። ታርጋው ከታወቀ ሹፌሩ ማታ ከቤቱ ይገኛላ! በገጠር መንገድ ደግሞ ፖሊስ በየጥጉ አይቆምም። የሚቆመው ከብት ጠባቂው፣ ገበያተኛው፣ አራሹ ነው።

ፊደልና ቁጥር የለየ ሰው አንድ ትልቅ መሣሪያ ይዟል። መኪና ሲያመልጥ «አንድ ነጭ አይሱዙ ነው» ከማለት ይልቅ የታርጋውን ቁጥር መናገር ይችላል። ለብዙ ዓመት ሲሠራበት በቆየው ታርጋ ላይ እንደ «አማ»፣ «ኦሮ»፣ «አአ» ያሉ ፊደሎች፣ አንድ የኮድ ቁጥርና ዋናው ቁጥር ይገኛሉ። የታርጋ መልክ ቢለወጥም ቁጥር አይቀርበትም። ሁሉን ማንበብ ባይቻል የተቻለውን ያህል መያዝ ነው። እርሳስ ከሌለ በአፈር ላይ በጣት ይጻፍ።

ታርጋው ሌላም ጥቅም አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 መኪና ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኀላፊ ነው ይላል። ሹፌሩ ያለ ፈቃድ ነድቶት ቢሆንም እንኳ ባለቤቱ ኀላፊ ነው። ስለዚህ ሹፌሩ ቢጠፋም ባለቤቱ ይጠየቃል። በሬው የሞተበት ገበሬ ታርጋውን ካልያዘ ማንን ይከሳል? ለሞተ ወይም ለተጎዳ ሰው ደግሞ ገጪው መኪና ባይታወቅም ካሣ የሚከፍል የመድን ፈንድ በአዋጅ ተቋቁሟል። ያለ ፖሊስ ማስረጃ ግን ካሣ አይገኝም። ስለዚህ አደጋውን ለፖሊስ ሳያስመዘግቡ መቅረት መብትን መጣል ነው።

በአደጋ ጊዜ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ ተጎጂውን እንርዳ። ደም የሚፈስበትን ቦታ በንጹሕ ጨርቅ እንጫን። አንገቱን አናጣም፤ ጎትተን አናስነሣው። ውኃ አናጠጣው። ሌላ መኪና እንዳይደርብ ከወዲያና ከወዲህ ቅጠል እናኑር።

ሁለተኛ፣ ታርጋውን፣ የመኪናውን ቀለምና የሄደበትን አቅጣጫ ይዘን ለፖሊስ እንደውል። የፖሊስ ጥሪ 991፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ከፊት ያለው ኬላ ቶሎ ከሰማ ሹፌሩ ወዴት ይሄዳል? ተጎጂውን የተቀበለ ሐኪም ቤትም አስቸኳይ ሕክምና የመስጠት ግዴታ አለበት።

ሦስተኛ፣ የቆመውን ሹፌር አንምታው። ይህ ቃል ለሟች ዘመድ መራራ እንደሆነ እናውቃለን። ነገር ግን የቆመ ከተደበደበ የሚመጣው ሁሉ መሸሽን ይማራል። የሚጎዳውም ነገ የሚገጨው የእኛው ልጅ ነው። ለነፍሱ የሠጋ ሹፌርም በቀጥታ ወደ ቅርቡ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ይናገር። ይህ እጅ መስጠት ነው፤ ማምለጥ አይደለም።

ሕግ የሚጠነክረው የሚቆም ሹፌር ከድብደባ ሲድን፣ የሚሸሽ ደግሞ መሄጃ ሲያጣ ነው። ቅጣቱን የሚያከብደው ፍርድ ቤት ነው። መሄጃ የሚያሳጣው ግን በመንገድ ዳር ቆሞ ቁጥር ያነበበ ሰው ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ሹፌር ገጭቶ ሲሸሽ ከመጀመሪያው ጥፋት ሌላ ምን ጉዳት ይከተላል?
2. ደጋግሞ የሚሸሽ ሰው ቅጣቱ መክበዱ ተገቢ ነው ትላላችሁ? ለምን?
3. በቀበሌያችሁ ከሚያልፈው መንገድ የትኛው ቦታ ለሰውና ለከብት አደገኛ ነው? እዚያ ቦታ አደጋ ቢደርስ ለፖሊስ ማን፣ በምን ያስታውቃል?