ስልካችን ድንበር ሲሻገር

ሻንጣውን በጀርባው አዝሎ አገር ለአገር የሚዞር መንገደኛ ካርታውንም፣ የባቡር ትኬቱንም የሚይዘው በስልኩ ነው። ለመሆኑ ድንበር ሲሻገር የሞባይል ዳታው ምን ይሆናል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ስልካችንን በሰው አገር ስንከፍት የዚያ አገር ኔትዎርክ ሲም ካርዱ የማን እንደሆነ ይለያል፤ ሲሙን የሸጠውን ድርጅትም ፈቃድ ይጠይቃል። ከተፈቀደ ዳታው ይለቀቃል። ሒሳቡን ሁለቱ ድርጅቶች ይወራረዱታል፤ ዞሮ ዞሮ ግን ከፋዩ እኛው ነን። ሮሚንግ የሚባለው ይኸው ነው።

አውሮፓን እንውሰድ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከጁን 15 ቀን 2017 ጀምሮ በአባል አገሮቹ መካከል የሮሚንግን ተጨማሪ ክፍያ አስቀርቷል። ስለዚህ ፓሪስ የተገዛ ሲም በተወሰነ ልክ ሚላኖም ላይ በአገሩ ዋጋ ይሠራል። መንገዱ በጄኔቭ በኩል ከሆነስ? እዚህ ላይ ነው ጉዱ! ስዊዘርላንድ የኅብረቱ አባል አይደለችም። ውሉ እሷን ካላካተተና ሮሚንጉ ክፍት ከሆነ፣ መንገደኛው ስልኩን ሳይነካው እንኳ ፎቶግራፉ በራሱ ጊዜ ሲላክ ሒሳቡ ይቆጥራል።

ታዲያ ምን ይደረግ? አንደኛ፣ ከመሻገር በፊት ውሉን ማንበብ፤ ካልተካተተ ዳታ ሮሚንግን መዝጋት። ሁለተኛ፣ ካርታውን በዋይፋይ አስቀድሞ ማውረድ፤ ጂፒኤስ ያለ ዳታም ቦታ ይጠቁማል። ሦስተኛ፣ ስልኩ የሚቀበል ከሆነ ለብዙ አገሮች የሚያገለግል ኢሲም መግዛት።

ነገ ክፍል ገብተን ስለ ድንበር ስናስተምር፣ በካርታው ላይ ከተሰመረው ሌላ የሕግና የውል ድንበርም እንዳለ በዚህ ምሳሌ ማስረዳት እንችላለን።