ያውቁ ኖሯል? ከካርቱም እስከ ወይባ ጭስ፦ የቆዳችን ኮምጣጣነት

ጤናማ የአዋቂ ሰው ቆዳ ኮምጣጣ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? የአሲድነት መለኪያው ፒኤች ብዙውን ጊዜ ከ4.5 እስከ 5.5 ነው። ደማችን ግን 7.4 ነው። ኮምጣጣው ከላይ ያለው ስስ ሽፋን ብቻ ነው፤ ትንሽ ወደ ውስጥ ሲገባ ነገሩ ይለወጣል።

ፒኤች የሚባለው መለኪያ የተወለደው ቢራ ጠማቂ ባቋቋመው ላቦራቶሪ ነው። ዴንማርካዊው ኬሚስት ሶረን ሶረንሰን እ.ኤ.አ. በ1909 በኮፐንሃገኑ የካርልስበርግ ላቦራቶሪ ሲሠራ አወጣው። ቁጥሩ በ1 ሲወርድ አሲዱ 10 እጥፍ ይጨምራል። ስለዚህ ፒኤቹ 5 በሆነ ቆዳና 10 በሆነ ሳሙና መካከል ያለው ልዩነት 100,000 እጥፍ ነው።

ኮምጣጣውን የቆዳ ሽፋን «የአሲድ ካባ» ያሉት ሁለት ጀርመናውያን ሐኪሞች፣ ሻደና ማርኪዮኒኒ፣ እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። ካባውን የምንሠራው እኛው ነን፤ ላብ ውስጥ ካለው ላክቲክ አሲድ፣ ከቆዳ ቅባት፣ ከሚፈራርሱ የቆዳ ፕሮቲኖች። የቆዳ ሕዋሳትን እንደ ግድግዳ ጭቃ የሚያያይዘውን ስብ የሚያዘጋጁት ኢንዛይሞች በአሲድ ውስጥ ነው በደንብ የሚሠሩት። አሲዱ ሲቀንስ ቆዳ ውኃውን መያዝ ያቅተዋል፣ ይደርቃል፣ ያሳክካል፤ ቁስል የሚያመረቅዘው ስታፊሎኮከስ የተባለ ባክቴሪያም ይመቸዋል።

አራስ ልጅ ካባውን ይዞ አይወለድም። ሲወለድ የቆዳው ፒኤች ወደ 7 የተጠጋ ሲሆን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀስ እያለ ይወርዳል። ሕፃንን በየቀኑ በሳሙና ማሸት ምን ያህል እንደሚያስፈልግ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ነው። «የልጆች» ተብሎ የሚሸጥ ሳሙናም ከስብና ከካስቲክ ሶዳ የተሠራ ከሆነ ፒኤቹ አብዛኛውን ጊዜ ከ9 እስከ 10 ነው። መጠቅለያው ላይ የተሣለው ሕፃን ቁጥሩን አይለውጠውም።

አሁን ወደ ሱዳኗ ካርቱም። በሚያዝያና በግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ አየሩ ደረቅ ነው፣ ሃቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ሲመጣ ቀኑ ይጨልማል። ሰው ደጋግሞ ቢታጠብ ማን ይፈርድበታል? ችግሩ ያለው ድግግሞሹ ላይ ነው። በአውሮፓ የተደረገ ጥናት ሳሙና የሌለበት የቧንቧ ውኃ እንኳ የቆዳን ፒኤች እስከ 6 ሰዓት ከፍ አድርጎ ሊያቆይ እንደሚችል አሳይቷል። ከጣና የሚወርደው ዓባይም ካርቱም ደርሶ ከነጭ ዓባይ ጋር ሲገናኝ ፒኤቹ ከ7 በላይ ነው። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ሙሉ ሰውነቱን በሳሙና ለሚታጠብ ሰው ካባው ለመመለሻ ጊዜ የለውም። ለብብት፣ ለብልት አካባቢና ለእግር ሳሙና፣ ለሌላው ውኃ፤ ይኸው ነው ዘዴው። ለአምስቱ ሶላት የሚደረገው ውዱእ የተባለው ትጥበትም የሚፈልገው ውኃ ብቻ ነው።

የሱዳን ሴቶች ያለ ሳሙና ሰውነት የማጽዳት ረጅም ልማድ እንዳላቸውስ? ዲልካ ይሉታል። የማሽላ ዱቄት ከቅርንፉድ፣ ከሰንደልና ከሽቶ ዘይት ጋር ይቦካና በእንጨት ጭስ ይታጠናል። ከዚያ ገላ ላይ ሲታሽ እየተጠቀለለ የሞተ ቆዳና እድፍ ይዞ ይወድቃል። እጅግ የታወቀው ግን ዱኻን ነው። ወለል ላይ በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ፍም ይደረግና ጠልህ የተባለው ግራር ወይም ሻፍ የተባለው እንጨት ይጨመርበታል። ሴቲቱ ቅባት ተቀብታ፣ ሻምላ በሚሉት የሱፍ ብርድ ልብስ ተሸፍና ከላይ ትቀመጣለች። ሙሽራ ከሠርጓ በፊት ለሳምንታት ትታጠናለች።

ሻፍ ማን እንደሆነ ልንገርዎት፦ የእኛው ወይባ። ሳይንሱ ለሁለቱም «ተርሚናሊያ ብራውኒ» የሚል አንድ ስም ነው የሰጠው። አዲስ አበባ ውስጥ «ወይባ ጭስ» የሚል ጽሑፍ የለጠፈ የውበት ቤትና የሱዳኗ ኦምዱርማን ጓሮ የሚያጨሱት አንድ ዛፍ ነው።

የእንጨት ጭስ ሲቀዘቅዝ የሚገኘው ፈሳሽ ኮምጣጣ ነው፤ አቼቶን አቼቶ የሚያደርገው አሴቲክ አሲድ አለበት። ይህን ይዞ «ወይባ ፒኤች ያስተካክላል» ብሎ ማስታወቅ ግን ችኮላ ነው። ጭሱ ካርቦን ሞኖክሳይድም ይዟል፤ በተዘጋ ክፍል፣ ለነፍሰ ጡርና ለአስም ሕመምተኛ አይመከርም።

ሎሚስ? የሎሚ ጭማቂ ፒኤች 2 ገደማ ነው፤ ከቆዳ በብዙ መቶ እጥፍ ይኮመጥጣል። ተቀብተው ፀሐይ ላይ ከወጡ ቆዳን የሚያቃጥልና ጥቁር ምልክት የሚተው ነገርም አለው። በካርቱም ፀሐይ አይሞከርም። ከርከዴ የተባለው የአበባ መጠጥም ኮምጣጣ ነው፤ መጠጣቱ ግን የቆዳን ፒኤች አይነካም። ጥምዎን ይቁረጡበት።

ከፒኤች ወጣ ብለን ስለ ቆዳ ማስጌጫ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሂና እንጂ «ጥቁር ሂና» የሚባል ቅጠል የለም። ጥቁረቱ የሚመጣው ፒፒዲ ከተባለ የፀጉር ቀለም ኬሚካል ነው። ቆዳን ያቆስላል፣ ከተዋጠ ይገድላል። የሱዳን ሐኪሞች ይህን መርዝ በተመለከተ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1983 ነው።

ሳሙና ያልሆነ «ሳሙና» አለ፤ ሲንዴት ይባላል። ጀርመናዊው ሐኪም ሃይንዝ ማውረር ፒኤቹ 5.5 የሆነውን ሴባሜድ የተባለ ሲንዴት እ.ኤ.አ. በ1967 ለገበያ አቀረበ። ዋጋው ከተወደደብዎት ተራውን ሳሙና ቀነስ አድርገው ይጠቀሙ፣ ገላዎ ሳይደርቅ ቫዝሊን ይቀቡ።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ይቀድማል። የሱዳን ጦርነት ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሲጀመር በሰሜን ካርቱም (ባሕሪ) ያለው የውኃ ማጣሪያ ሥራ አቆመ፤ ኋላም ኮሌራ ገባ። የኮሌራ ባክቴሪያ አሲድ ይጠላል፣ አልካሊ ይወዳል፤ ላቦራቶሪ ውስጥ የሚያሳድጉትም ፒኤቹ ከ8 በላይ በሆነ ፈሳሽ ነው። ይህን ሰምቶ ሳሙና የሚፈራ እንዳይኖር፦ እጅ በተገኘው ሳሙና ይታጠባል። የደረቀ እጅ ቅባት ይበቃዋል።

ወደ ቆዳችን ፒኤች እንመለስና፣ ሱዳን በዓለም ቀዳሚ የሆነችበት የሙጫ ምርትስ? ከግራር የሚለቀመው ሙጫ ውኃ ውስጥ ሲሟሟ ፒኤቹ 5 ገደማ ይሆናል፤ የቆዳ ያህል ማለት ነው። ክሬምና ሎሽን ውስጥ ዘይትና ውኃ እንዳይለያዩ ይጨመራል፣ ለስላሳ መጠጥ ውስጥም አለ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1997 በሱዳን ላይ ማዕቀብ ስትጥል ሙጫው ግን እንዲገባ በር ተከፍቶለት ነበር።