በአነስተኛ የዶሮ ቤቶች ትኩረት የተነፈገው ጉዝጓዝ

በኅዳር ወር 2015 ዓ.ም በይፋ የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር የጓሮ ዶሮ እርባታን በገጠርም ሆነ በከተማ የብዙ ቤተሰቦችና የብዙ ጽሕፈት ቤቶች ሥራ አድርጎታል። በየደረጃው የሚዘጋጁ ሪፖርቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚያሰፍሩት የተሰራጩትን ቄቦች ብዛት፣ የተሰጠውን ክትባትና የቀረበውን መኖ ነው። በዶሮ ቤቱ ወለል ላይ የተነጠፈው ጉዝጓዝ በምን ሁኔታ ላይ እንደሚገኝ ግን በሪፖርቶቹ ውስጥ እምብዛም አይጠቀስም። ይሁንና ቄቦቹ ከተረከቡበት ቀን አንሥቶ እንቁላል እስከሚጥሉበት ጊዜ በሕይወት መቆየት አለመቆየታቸውን ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ይኸው ወለል ነው።

ጉዳዩን በቀላል ስሌት መረዳት ይቻላል። አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን 100 ግራም ወይም ከዚያ በላይ እርጥብ ኩስ የምትጥል ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ሦስት አራተኛው ያህል ውኃ ነው። 20 ዶሮዎችን ሌትም ቀንም በቤት ውስጥ የሚያረባ ቤተሰብ በየቀኑ 2 ኪሎ ግራም ኩስ፣ ከዚሁ ጋር 1 ነጥብ 5 ሊትር ያህል ውኃ በወለሉ ላይ ይከማችበታል ማለት ነው። በወር ሲሰላ ውኃው 45 ሊትር፣ ማለትም ከሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በላይ ይሆናል። ከመጠጫ ዕቃ የሚንጠባጠበውና በጣሪያ የሚያፈሰው በዚህ ስሌት ውስጥ አልገባም።

ጉዝጓዝ የሚነጠፈው ይህን ውኃ መጥጦ እንዲይዝ ብቻ ሳይሆን መልሶ ለአየር እንዲሰጥ ጭምር ነው። በመሆኑም አየር በማይዘዋወርበት ቤት ውስጥ ምንም ያህል ጭድ ቢነጠፍ ውሎ አድሮ መራሱ አይቀርም። የዶሮ እርባታ ባለሙያዎች ተስማሚ የሚሉት የጉዝጓዝ እርጥበት ከ20 እስከ 25 በመቶ የሚደርሰውን ነው። እርጥበቱ ከ35 በመቶ ሲያልፍ ጉዝጓዙ ከኩሱ ጋር እየተጋገረ ጠንካራ ቅርፊት ይሠራል። ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ እፍኝ ጉዝጓዝ በእጅ ተጨምቆ ሲለቀቅ እንደ ጭብጦ ተጣብቆ ከቀረ እርጥበቱ በዝቷል፤ ጥቂት ተያይዞ ወዲያው ከተፈረፈረ ተስማሚ ነው፤ ጨርሶ ካልተያያዘና አቧራ ካስነሣ ደግሞ ከመጠን በላይ ደርቋል።

እርጥበት ሲበዛ በቅድሚያ የሚከሠተው የአሞኒያ ጋዝ ነው። በኩሱ ውስጥ የሚገኘውን ዩሪክ አሲድ ባክቴሪያዎች ሲያፈራርሱት የሚፈጠረው ይህ ጋዝ፣ በአንድ ሚሊዮን የአየር እጅ ውስጥ መጠኑ ከ25 ሲበልጥ የዶሮዎችን የመተንፈሻ አካል ሽፋን ይጎዳል፤ ዓይናቸውን ያስለቅሳል፤ ለሌሎች የመተንፈሻ በሽታዎችም ያጋልጣቸዋል። የሚበሉት መኖና የሚጥሉት እንቁላልም ይቀንሳል። ብዙ ሰው ሽታው በግልጽ የሚሰማው ለዚሁ መጠን በተቃረበ ጊዜ በመሆኑ፣ ጠረኑ አፍንጫን ሲሰነፍጥ ጉዳቱ ጀምሯል ማለት ይቻላል። ባለቤቱ ደግሞ ውሎ አድሮ ሽታውን ስለሚለምደው አይታወቀውም። ለክትትል የሚሄድ ባለሙያ ረፋድ ላይ በሩ ተከፍቶ ከቆየ በኋላ ደርሶ ደጃፍ ላይ ቆሞ ቢመለስ የሚያገኘው መረጃ የተሳሳተ ነው። ማለዳ በሩ እንደተከፈተ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ጎንበስ ብሎ በዶሮዎቹ ቁመት ልክ አየሩን ማሽተት ይኖርበታል።

ሁለተኛው አደጋ ኮክሲዲዮሲስ የተባለው የአንጀት በሽታ ነው። የበሽታው ጥገኛ ተሕዋስ ከታመመች ዶሮ ኩስ ጋር ሲወጣ ገና ተላላፊ አይደለም። ተላላፊ የሚሆነው ሙቀት፣ አየርና እርጥበት ሲያገኝ ሲሆን፣ ሁኔታው ከተመቻቸለት ከ1 እስከ 2 ቀን ይበቃዋል። ከሦስቱ አንዱን፣ ማለትም እርጥበቱን፣ መቆጣጠር የሚችለው አርቢው ነው። በበሽታው የተያዙ ዶሮዎች ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ያሳያሉ፤ ላባቸው ይንጨባረራል፤ ክንፋቸውን ጥለው ጥግ ይይዛሉ። በብርቱ የሚጠቃው ከ3 እስከ 6 ሳምንት ዕድሜ ያለው ጫጩት ቢሆንም፣ በ45 ቀን ዕድሜያቸው ለአርቢዎች የሚከፋፈሉ ቄቦችም በጉዞ ተዳክመው እርጥብ ወለል ላይ ሲያርፉ ይታመማሉ። ብዙዎች የሚተማመኑበት በረኪና ይህን ተሕዋስ የማይገድለው መሆኑም ሊታወቅ ይገባል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ደረቅ ወለል የፈንግል በሽታን አይከላከልም፤ ለዚህ ያለው አማራጭ በቢሾፍቱ ከተማ በሀገር ውስጥ የሚመረተውን ክትባት በወቅቱ መስጠት ነው።

ለጉዝጓዝነት የሚውለው ነገር እንደየአካባቢው ይለያያል። በደጋና በወይና ደጋ የጤፍ፣ የስንዴና የገብስ ጭድ፣ በከተሞች ከእንጨት ሥራ ቤቶች የሚገኝ ፍቅፋቂ፣ በጅማና በሲዳማ የቡና ገለፈት፣ በፎገራ ደግሞ የሩዝ ገለፈት ይገኛል። ረጃጅም ጭድ እርስ በርሱ ተጣብቆ እንደ ምንጣፍ ስለሚሆን ከ5 ሴንቲ ሜትር ባነሰ ርዝመት ተቆርጦ ቢነጠፍ ይመረጣል። ደቃቅ ሰጋቱራ ብቻውን አቧራ ያስነሣል፤ ጫጩቶችም እንደ መኖ ይለቅሙታል። የሻገተ ጭድ በርካሽ ተገኘ ተብሎ መነጠፍ የለበትም፤ ሻጋታው ሳንባቸው ውስጥ ገብቶ ይገድላቸዋል። የንጣፉ ውፍረት ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር የሚበቃ ሲሆን በብርዳማ አካባቢዎች እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል።

በክረምት ወራት በተደጋጋሚ የሚታየው ስሕተት የሚመነጨው ከቅንነት ነው። አርቢው ዶሮዎቹ እንዳይበርዳቸው በማሰብ የሽቦ መስኮቶቹን በላስቲክና በማዳበሪያ ጆንያ ይደፍናል። ሌሊቱን ከዶሮዎቹ ትንፋሽና ከኩሱ የሚወጣው እንፋሎት መውጫ ሲያጣ ከቀዝቃዛው ቆርቆሮ ጋር ተገናኝቶ ወደ ጠብታነት ይለወጥና ተመልሶ ጉዝጓዙ ላይ ይወርዳል። ደረቅ ላባ ያላት ጎልማሳ ዶሮ ቅዝቃዜን ትቋቋማለች፤ እርጥበትና አሞኒያን ግን አትችልም። ስለሆነም ነፋስ በቀጥታ የሚያገኛትን የታችኛውን ክፍል መከለል፣ ከጣሪያው ሥር ያለውን የላይኛውን ሽቦ ደግሞ ክፍት መተው ተገቢ ነው።

ከዚሁ ጋር የመጠጫ ዕቃው ጠርዝ ከዶሮዎቹ ጀርባ ከፍታ ጋር እንዲስተካከል ማድረግና ዕቃውን ጠጠር በተሞላ ቦታ ወይም በሽቦ መቆሚያ ላይ ማስቀመጥ የወለሉን እርጥበት በእጅጉ ይቀንሳል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ከ4 እስከ 5 ዶሮዎች ብቻ መያዝም አስፈላጊ ነው። 20 ዶሮ የተመደበለት ቤተሰብ ያለው ቤት 2 ካሬ ሜትር ከሆነ፣ ጉድለቱን በጭድ ብዛት ማካካስ አይቻልም።

የዕለት ተዕለት ሥራው ብዙ ጊዜ የሚወስድ አይደለም። ጉዝጓዙ በሳምንት ሁለት ጊዜ በመንሽ ወይም በሬክ ይገለበጣል፤ በመጠጫው ዙሪያና ከቆጥ ሥር የተጋገረው ተነሥቶ ይወጣል፤ በምትኩም ደረቅ ይጨመራል። የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ አርቢ ይህን ሥራ ወደ መሥሪያ ቤት ከመሄዱ በፊት በሩብ ሰዓት ማከናወን ይችላል። በልማድ እርጥብ ጉዝጓዝ ላይ ኖራ ወይም አመድ መነስነስ የተለመደ ቢሆንም፣ ሁለቱም የጉዝጓዙን አሲዳማነት ስለሚቀንሱ አሞኒያው በብዛት እንዲተን ያደርጋሉ። አመድ ለብቻው በሣጥን ሲቀመጥላቸው ዶሮዎቹ ተንከባልለውበት ቅማል ያራግፉበታል፤ ኖራም ባዶ ቤት ሲጸዳ ግድግዳ ለመቀባት ይጠቅማል።

ዶሮዎቹ ተወግደው አዲስ መንጋ ከመግባቱ በፊት ጉዝጓዙ ሙሉ በሙሉ ይወጣል፤ ወለሉና ቆጡ ይፋቃሉ፤ በሳሙናና በውኃ ታጥበው እንዲደርቁ ይደረጋል። የተሕዋስ ማጥፊያ መድኃኒት የሚረጨው ከዚህ በኋላ ነው፤ ኩስ ባልተነሣበት ወለል ላይ የሚፈሰው መድኃኒት ኃይሉን ያጣል። የግድግዳ ስንጥቆች የደም መጣጭ ተባዮች መደበቂያ ስለሆኑ ይመረጋሉ። ቤቱም ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ባዶ ይቆያል። የወጣው ጉዝጓዝ በአንድ ቦታ ተከምሮ፣ እየተገለበጠና ዝናብ እንዳያገኘው ተሸፍኖ ሲብላላ ለጓሮ አትክልት ጥሩ ማዳበሪያ ይሆናል።

የዶሮ ቤት ንጽሕና የቤተሰብ ጤና ጉዳይ ጭምር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በኢትዮጵያ የገጠር ቤተሰቦች ላይ ታትሞ የወጣ ጥናት እንዳመለከተው፣ ዶሮ ማርባት ከሕፃናት የተሻለ የቁመት ዕድገት ጋር ተያይዞ የተገኘ ሲሆን፣ ዶሮዎችን በመኖሪያ ቤት ውስጥ ማሳደር ግን ከተቃራኒው ውጤት ጋር ተያይዟል። ስለዚህ ዶሮ ማከፋፈል ብቻውን የታሰበውን የሥርዓተ ምግብ ጥቅም አያስገኝም፤ ከመኖሪያው የተለየ ቤት፣ ለዶሮ ቤት ብቻ የሚውል ጫማና ከሥራ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ አብረውት ሊሄዱ ይገባል።

የግብዓት ዕቅድ የሚያዘጋጁ ጽሕፈት ቤቶች ጉዝጓዝን ከመኖና ከክትባት ጎን ቢያሰፍሩት ወጪው ከባድ አይሆንም። ጭድ በብዛት የሚገኘው ከመኸር ውቂያ በኋላ፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባሉት ወራት ነው። በዚያን ጊዜ ተገዝቶ ከመሬት ከፍ ባለ ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ፣ በግንቦት መጨረሻ ዝናቡ ሳይጠነክር አሮጌው ጉዝጓዝ ተነሥቶ አዲሱ ሊነጠፍ ይችላል። ሐምሌ ላይ ፍለጋ የሚወጣ አርቢ የሚያገኘው የራሰ ጭድ ነው።