ኬምፕስተር፦ ከሴት ሙያ የወጣ የቤተሰብ ስም

በእኛ አገር ሰው ከራሱ ስም ቀጥሎ በአባቱ ስም ይጠራል። በእንግሊዝ አገር ግን ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍ የቤተሰብ ስም አለ። ከእነዚህም ስሞች አንዱ «ኬምፕስተር» ነው። የስሙ ባለቤቶች ብዙ አይደሉም፤ ትርጉሙ ግን ቤትንና ሥራን አጣምራችሁ የምትይዙትን እናንተን የሚመለከት ነው።

ስሙ የተገኘው «አበጠረ» የሚል ትርጉም ካለው የጥንት እንግሊዝኛ ግሥ ነው። መጨረሻው ላይ ያለው «ስተር» ደግሞ ባለሙያዋ ሴት መሆኗን ያመለክት ነበር። ስለዚህ ኬምፕስተር ማለት የበግ ፀጉር አበጣሪ ሴት ማለት ነው። እንደዚሁም ብሩስተር ጠማቂ፣ ባክስተር ዳቦ ጋጋሪ፣ ዌብስተር ሸማኔ ማለት ነው። በኋላ ግን የቃሉ ስሜት እየደበዘዘ ሄዶ ወንዶችም በእነዚህ ስሞች ይጠሩ ጀመር።

ሥራው ቀላል አልነበረም። የተሸለተው ፀጉር ይታጠባል፣ ቅባት ይቀባል፣ ከዚያም በእሳት በሞቀ ባለ ረጃጅም የብረት ጥርስ ማበጠሪያ ደጋግሞ እየተሳበ ረጅሙ ከአጭሩ ይለያል። ጥጥ ዳምጣ፣ ባዘቶ አውጥታ የፈተለች ሁሉ ልፋቱን ትረዳዋለች። በመካከለኛው ዘመን የእንግሊዝ አገር ዋነኛ ሀብት የበግ ፀጉር ስለ ነበር፣ የአገሪቱ ብልጽግና በእነዚህ ሴቶች ጣቶች መካከል ያልፍ ነበር ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ስሙ ከሴት ሙያ ቢወጣም፣ ለልጅ ልጅ የተላለፈው በአብዛኛው በአባት በኩል ነው። የእኅት ቃሉ የ«ስፒንስተር» ዕጣ ደግሞ ከዚህ የከፋ ሆነ። መጀመሪያ ፈታይ ሴት ማለት ነበር። ከ17ኛው መቶ ዘመን ወዲህ ግን ያላገባች ሴት የሕግ መጠሪያ፣ ቀጥሎም መዘባበቻ ሆነ። ከጋብቻ መዝገብ የወጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 ነው።

ከዚህም የበለጠ የሚያስገርም ነገር አለ። በእንግሊዝና በዌልስ ከ1837 ጀምሮ የሙሽሮቹ አባቶች ስምና ሙያ በጋብቻ መዝገብ ይሰፍር ነበር። የእናቶቻቸው ስምና ሙያ የሚሰፍርበት ቦታ የተገኘው ግን በግንቦት ወር 2021 ነው። ልጅዋን አሳድጋ ለወግ ለማዕረግ ያበቃች እናት ከ180 ዓመታት በላይ በዚያ ወረቀት ላይ ስፍራ አልነበራትም።

እንግዲህ እናቶች ሆይ፣ ያልተነገረ ልፋት ይረሳል። አያታቸው ፈታይ፣ ጠማቂ ወይም ሸክላ ሠሪ ከነበሩ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው፤ ስማቸውንም ጻፉላቸው። ስለ ራሳችሁ ሥራ ስትጠየቁም «ምንም አልሠራም» አትበሉ። በእጃችሁ ያለው ሙያ ስም አለው፤ በስሙ ጥሩት።