ያለ ወራቱ የመጣ እንግዳ

ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በተቀመጠችው በደብረ ብርሃን፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ውርጭ ሣሩን አንጥቶት በሚታይባት ከተማ፣ ብርድ ምን እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያሻም፤ የመንዝ ሰው የበጉን ጠጉር ፈትሎ ባናና ዝተት የሠራው፣ ከተማይቱም በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ስሟ የታወቀው በከንቱ አይደለም። ነገር ግን ባናም ሆነ ብርድ ልብስ የገላን ሙቀት ይጠብቃል እንጂ ሙቀት አይወልድም። እርግዝናው 37 ሳምንት ሳይሞላ የተወለደ ጨቅላ ደግሞ፣ ከቆዳው በታች ሊኖረው የሚገባው ስብ ገና ስላልተከማቸ፣ ቆዳውም እጅግ ስስ ስለ ሆነ፣ የገላውም ስፋት ከክብደቱ ጋር ሲተያይ የበዛ ስለ ሆነ፣ ሙቀቱን በሩ እንደ ተከፈተ ቤት ያፈስሳል፤ ስለዚህ የሚሸፍነው ብቻ ሳይሆን ከራሱ ሙቀት የሚያካፍለው ያስፈልገዋል።

ብርዱ ግን ከጭንቀቶቹ አንዱ ብቻ ነው። ለብዙ ዘመን አያሌ ሐኪሞች የጨቅላ ነርቮች ገና ስላልበሰሉ ሕመም አይሰማውም ብለው ያምኑ ነበር። አናንድ የተባሉ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1987 ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ ያለ ወራታቸው ተወልደው ቀዶ ጥገና የተደረገላቸውን ሕፃናት ደም መርምረው፣ በቂ ማደንዘዣ ባላገኙት ዘንድ የጭንቀት ሆርሞን በብዛት እንደሚፈስስና ከቀዶ ጥገናውም በኋላ ችግር እንደሚበረታባቸው ካሳዩ ወዲህ ያ እምነት ፈረሰ። ያልበሰለ ሕፃን ለማልቀስ እንኳ አቅም ሊያጣ ይችላል፤ ነገር ግን ለሚያነብ ዐይን ገላው ይናገራል። ጣቶቹን እንደ ማራገቢያ ይዘረጋቸዋል፣ ስቅ ይለዋል፣ ያዛጋል፣ ፊቱን ይመልሳል፣ ቆዳው ይዥጐረጐራል፣ ሲብስበትም ትንፋሹ ለአፍታ ይቋረጣል። የሚያዛጋ ሕፃን አይተን «እንቅልፉ መጣ» ብለን የምናልፍ ስንቶቻችን ነን!

የወላጆቹስ ጭንቀት? በአገራችን ወግ የወለደች ሴት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ትባላለች፤ ገንፎ ይገነፋላታል፣ ጎረቤት እልል እያለ ይገባል፣ እርሷም ልጇን ከጎኗ አድርጋ የክርስትናውን ቀን፣ ወንድ እንደ ሆነ አርባውን፣ ሴት እንደ ሆነች ሰማንያውን ትቈጥራለች። ያለ ወራቱ የወለደችው እናት ግን የምሥራቹን የምትሰማው ጎኗ ባዶ ሆኖ ነው። ልጇ በመስተዋት ሣጥን ውስጥ፣ አፍንጫው ላይ የኦክስጅን ቱቦ፣ እጁ ላይ የግሉኮስ መርፌ ተተክሎበት ይተኛል፤ እርሷም በመስኮቱ አንዲት ጣት ታስገባና፣ ያጠፋች መስሏት መልሳ ታወጣታለች።

ማርጋሬት ማይልስ የተባሉ አሜሪካዊት የነርስ ሙያ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህን ጭንቀት የሚለካ መጠይቅ አዘጋጅተው እ.ኤ.አ. በ1993 አሳተሙ። መጠይቁ የወላጅን ጭንቀት በሦስት ይከፍለዋል፤ አንደኛው የክፍሉ ድምፅና የመሣሪያው ብዛት፣ ሁለተኛው የሕፃኑ መልክና ሁኔታ፣ ሦስተኛው የወላጅነትን ተግባር ማጣት ነው። መጠይቁ በብዙ አገሮች ሲሠራበት፣ ማንቂያው ከሚጮኸው መሣሪያና ከልጁ መክሳት ይልቅ የወላጆችን ልብ የሚሰብረው አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛው ሆኖ ተገኘ፤ ይኸውም ማቀፍ፣ ማጥባት፣ ከሕመም መከለል አለመቻል ነው። ይህን ነገር ነርሶች ማግኘታቸው አያስደንቀኝም፤ መዐልትና ሌሊት ከአልጋው ራስጌ ቆመው የእናቲቱን ፊት የሚያዩት እነርሱ ናቸውና።

እንግዲህ የሕፃኑ ጭንቀትና የእናቱ ጭንቀት ሁለት ደዌ አይደሉም። የአንድ መለየት ሁለት ፊት ናቸው፤ መድኃኒታቸውም አንድ ሆኖ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ፣ ዶክተር ኤድጋር ሬይ ማሞቂያው ሕፃናቱን አላዳርስ ቢላቸው፣ ጨቅሎቹን ራቁታቸውን በእናቶቻቸው ደረት መካከል አቁመው በጨርቅ አሰሯቸው፤ ዘዴውም ልጇን በከረጢቷ በምትይዘው እንስሳ ስም «የካንጋሮ እንክብካቤ» ተባለ። በእኛም አገር ዶክተር ቦጋለ ወርቁ ከባልደረባቸው ጋር በአዲስ አበባ፣ ከ2,000 ግራም በታች የተወለዱ 123 ሕፃናትን በሁለት ከፍለው መረመሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመው ጽሑፋቸው እንደ ተመለከተው፣ ቶሎ ወደ እናታቸው ገላ ከተመለሱት 22.5 በመቶ ሲሞቱ፣ በተለመደው መንገድ ከታከሙት የሞቱት 38 በመቶ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ ያካሄደው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ሰፊ ጥናትም፣ ሕፃኑ እስኪጠና ሳይጠበቅ ከተወለደ ጀምሮ ገላ ለገላ ቢያያዝ ሞትን በ25 በመቶ እንደሚቀንስ አረጋገጠ።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስገርመኝ ግን ሱዛን ሉዲንግተን የተባሉ የነርስ ሙያ ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ትንሽ ጥናት ነው። ያለ ወራታቸው የተወለዱ መንታዎች በእናታቸው ደረት ላይ፣ አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ ሲታቀፉ፣ የእናቲቱ ሁለት ጡቶች ሙቀታቸውን እያንዳንዳቸው ለያዙት ልጅ እንደሚያስፈልገው ለየብቻ ሲለዋውጡ ተገኙ። ደብረ ብርሃንን የቈረቈሩት፣ የእመቤታችንም 33 በዓላት እንዲከበሩ ያዘዙት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ይህን ቢሰሙ የሚደነቁ አይመስለኝም፤ በየቤተ ክርስቲያኑ የሚሣለው ሥዕል፣ ምስለ ፍቁር ወልዳ፣ እናትንና ልጅን የሚያሳየን አንድ ላይ ነውና። ስለዚህ እናትን በሰዓት የምትገባ ጠያቂ አድርጎ የሚቈጥር ክፍል፣ ማሞቂያው የቱንም ያህል አዲስ ቢሆን፣ ሕክምናውን ከፍሎ ያስቀረ ነው እላለሁ። አልጋና ምግብ ለእናቲቱ ማዘጋጀት ቸርነት ተብሎ ሊቈጠር አይገባም፤ ከመድኃኒቱ ጋር የሚታዘዝ ነው።

አባትም ከዚህ አይወጣም። በሰሜን ሸዋ በአንድ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል፣ ከአንኮበር ገጠር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የመጣ አንድ ገበሬ አይቻለሁ፤ ሚስቱ በቀዶ ጥገና ወልዳ በሌላ ክፍል ተኝታ ነበር። ነርሷ ሸሚዙን እንዲፈታ ብትነግረው ጋቢውን ጠበቅ አድርጎ ያዘና፣

«ሲስተር፣ ይህ የእናት ሥራ አይደለም ወይ? ደግሞስ እሰብራታለሁ» አላት።

«አይሰብሯትም ጋሼ። ብቻ አይደባብሷት፤ እጅዎን ጀርባዋ ላይ አኑረው ዝም ይበሉ» አለችው።

ገና ላልበሰለ ነርቭ መደባበስ እንደ ሁከት ሲሆንበት፣ ጸጥ ብሎ ያረፈ እጅ ግን እንደ ማኅፀን ግድግዳ ይሆንለታል። ሰውየው ሕፃኒቱን ተቀበለ፤ ነርሷ ነጠላውን በላያቸው አዞረችና ጋቢውን ደረበችላቸው። መጀመሪያ የሕፃኒቱ ጣቶች በደረቱ ላይ ተዘርግተው ነበር። ቆይተው አንድ በአንድ ታጠፉ። ነርሷም የጀመሩበትን ሰዓት በሕፃኒቱ ካርድ ላይ ጻፈችና ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈች።