ከጨው መካከል ሲዚየምን መልቀም

በዚህ እትም የምናየው ኬሚስትሪ ከኑክሌር ቆሻሻ ጋር የሚያደርገውን ትግል ነው።

በአሜሪካ ደቡብ ካሮላይና ግዛት የሚገኘው ሳቫና ሪቨር ለኑክሌር መሣሪያ ፕሉቶኒየም ሲመረትበት የኖረ ቦታ ነው። የተረፈው ቆሻሻ በ51 የመሬት ውስጥ ታንኮች ተጠራቅሞ ነበር። አብዛኛው ጨው ሲሆን፣ በጨዋማው ፈሳሽ ውስጥ ያለው ዋናው የጨረር ምንጭ ሲዚየም 137 ነው። ግማሽ ዕድሜው 30 ዓመት ያህል ስለሆነ ወደ አንድ ሺህኛ ለመውረድ 300 ዓመት ይፈጅበታል። ሲዚየሙ ተለይቶ ከወጣ ግን የቀረው ብዙ ፈሳሽ አደጋው በእጅጉ ይቀንሳል።

ችግሩ መለየቱ ነው። ሲዚየም ከሶዲየምና ከፖታሲየም ጋር የአንድ ምድብ አባል ነው፤ ሦስቱም አንድ ኤሌክትሮን ሰጥተው ተመሳሳይ ቻርጅ ያለው አዮን ይሆናሉ። በታንኩ ውስጥ ደግሞ ለአንድ የሲዚየም አዮን በአስር ሺህዎች የሚቆጠሩ የሶዲየም አዮኖች አሉ። ሲዚየም የሚለየው በትልቅነቱ ነው።

በመጀመሪያ የተመረጠው ዘዴ ሶዲየም ቴትራፌኒልቦሬት ጨምሮ ሲዚየሙን ማዝቀጥ ነበር። በ1995 (እ.ኤ.አ.) ሥራው ሲጀመር ሲዚየሙ ዘቀጠ። ነገር ግን በቆሻሻው ውስጥ የነበሩ ጥቂት ብረቶች የተጨመረውን ውህድ መፍረስ አፋጠኑት፤ ቤንዝን የሚባል ተቀጣጣይ ውህድም ከተጠበቀው በላይ ወጣ (የመኪናው ቤንዚን አይደለም)። ወደ 500 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከወጣበት በኋላ ዘዴው በ1998 ተተወ።

የተተካው ካሊክሳሪን ነው። ሞለኪዩሉ የሲኒ ቅርጽ አለው፤ ሲዚየም በውስጡ ልክ ሲገጥም፣ ትንሹ ሶዲየም ግን አጥብቆ አይያዝም። ካሊክሳሪኑ ከውሃ ጋር በማይዋሃድ ፈሳሽ ተሟሙቶ ከቆሻሻው ጋር ይናጣል፤ ሲዚየሙን ይዞ ይለያል። ከዚያ በስስ አሲድ ታጥቦ ሲዚየሙን ይለቃል፣ ራሱም እንደገና ይሠራል። በዚህ ዘዴ የሚሠራው ትልቁ ፋብሪካ በ2020 መጨረሻ ቆሻሻ መቀበል ጀመረ።

ልብ በሉ፦ ኬሚስትሪ ሲዚየሙን አላጠፋውም፤ ሰበሰበው እንጂ። የተሰበሰበው ከመስታወት ጋር ቀልጦ በብረት በርሜል ይታሸጋል፤ የቀረው ጨው ከሲሚንቶ ጋር ተቦክቶ ይደርቃል። ጥበቃው ገና ላልተወለዱ ሰዎች የሚተላለፍ አማና ነው።

ለእኛም ላብራቶሪ ለምንገባ ተማሪዎች አንድ ጥያቄ ትቶልናል፦ የሞከርንበት ናሙና ውስጥ የሌለ፣ በእውነተኛው ታንክ ውስጥ ግን ያለ ነገር ምንድን ነው?